ወደ ኮሎኝ ያደረግነው የአንድ ቀን የባቡር ጉዞ

የማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ያቀረበችው ንግግር



ኮሚቴው ዛሬ የዓመቱን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የኮሎኙን ጉዞም እንድናስረዳ ጠይቆናል። ምክንያቱም ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ እህቶች፣ “ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ የምንሮጥ ሰዎች ነን፤ ሽርሽር ምን ያደርግልናል? ገንዘቡስ ከየት ወጣ?” ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማኅበር ገንዘብ የሚጠየቅበት ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ከገንዘቡ እንጀምር።

የተጓዝነው 14 ሰዎች ነን፤ 13 አባላትና አንዲት ጀርመናዊት ደጋፊያችን። ከ14ታችን ዐሥሩ ለሥራ የሚመላለሱበት ወርሃዊው የዶይቸላንድ ቲኬት ነበራቸው። ይህ ቲኬት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ የተጀመረ ሲሆን በጉዞአችን ጊዜ ዋጋው 58 ዩሮ ነበር። ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ አይሠራም እንጂ በክልል ባቡሮች ከአንዱ የጀርመን ጫፍ እስከ ሌላው ያስኬዳል። ይህን ስናነብ ደነገጥን። በየወሩ ይህን ያህል ገንዘብ እየከፈልን የምናውቀው ግን የጽዳት ሥራችንን ሕንፃ፣ የአረጋውያን ቤቱን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤትና የሐበሻ ሱቁን መንገድ ብቻ ነው። ከፍለን ያልተጠቀምንበት ነገር ሒሳብ ላይ ኪሳራ ይባላል።

ቲኬት ለሌላቸው አራት ሰዎች የቡድን ቲኬት ገዛን። ከእሱ ጋር የግንቡ መውጫ፣ የሻይና የቡና ወጪ ተደምሮ 186 ዩሮ ሆኗል። የወጣውም በየወሩ ለቡና ብለን ከምናዋጣው ሣጥን ነው። ደጋፊዎቻችን ለቋንቋ ትምህርትና ለሥልጠና ከሰጡት ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልተነካም፤ ከብድሩ ቁጠባም አልተነካም። ደረሰኞቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ የፈለገ ያያቸዋል።

አሁን ወደ ጉዞው እንሂድ። በመስከረም የመጨረሻ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ ተነሣን። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም አብረው እንዲበሉ የጾም ፍርፍር ሠርተን፣ ድፎ ዳቦ ቆርሰን፣ ቆሎ ቋጥረን፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘን ነበር። ፈጣኑ ባቡር ኮሎኝ የሚያደርሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛው በኮብሌንዝ ቀይሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በኋላ እንዳየነው ግን ቀርፋፋው ባቡር ይሻለን ነበር። ፈጣኑ አብዛኛውን መንገድ በዋሻና በአውራ ጎዳና ዳር ይበራል፤ የእኛው ደግሞ ከማይንስ አልፎ ቢንገን ሲደርስ የራይን ወንዝን ይዞ ይሄዳል። በስተቀኝ ከተቀመጡ ወንዙ ከመስኮቱ አይለይም።

ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው ሸለቆ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግራና በቀኝ ገደሉ ላይ የወይን ተክል ተደርድሯል፤ ከበላዩ ግንብ አለ፤ አንዱ ግንብ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። ካውብ ከምትባለው ከተማ ፊት ለፊት ውኃው መሀል ላይ መርከብ የሚመስል ነጭ ግንብ ቆሟል። ከ1327 ጀምሮ የተሠራ ነው፤ ሥራውም ከሚያልፉ መርከቦች ቀረጥ መሰብሰብ ነበር። አንዲት እህታችን ይህን ስትሰማ፣ “አይ! እዚህ አገር ግብር ከጥንትም አይቀርላቸውም” ብላ ሠረገላውን አሳቀችው።

ኮብሌንዝ ላይ ግን እኛው ጥፋት አጠፋን። የሚቀጥለውን ባቡር ለመያዝ 9 ደቂቃ ነበረን። ወረቀት ላይ 9 ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን ከመካከላችን ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታችን ነበሩ፤ ደረጃ ወርደው፣ ሌላ ደረጃ ወጥተው ሲደርሱ ባቡሩ በሩን ዘግቶ ተንቀሳቀሰ። ሰዓቱን ስናሰላ የእሳቸውን ጉልበት አላሰላንም። እናታችን አፍረው፣ “እኔን ትታችሁ መሄድ ነበረባችሁ” አሉ። ያን ጊዜ ፔርሙዙን ከፈትን፤ ድፎውን አወጣን፤ ጣቢያው ላይ ቁርስ በላን። ቀጣዩ ባቡር ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ለወደፊቱ የጉዞ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ከቡድኑ በእርጋታ የምትራመደውን እህት ይዞ ያስላ፤ ይህን በቃለ ጉባኤ አስገብተነዋል።

ከኮብሌንዝ ቀጥሎ ቦን አለች። ቦን ስንደርስ እናታችን አባታቸውን አስታወሱ። በየምሽቱ ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ያዳምጡ ነበር። ዝግጅቱ የተጀመረው በ1965 ነው። ጣቢያው በ2003 ወደ ቦን እስኪዛወር ድረስ መቀመጫው ኮሎኝ ነበር። “ኮሎኝ የምትባል አገር እንዳለች ያወቅሁት ከዚያ ራዲዮ ነው፤ እኔ ግን የሽቶ ስም ይመስለኝ ነበር” አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ ኮሎኝ የምንለው ሽቶ ስሙን ያገኘው ከከተማዋ ነው። ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና የሚባል ጣሊያናዊ እዚያው ኖሮ ሽቶውን ሲሠራ በሁለተኛ አገሩ ስም ሰየመው። የቤተሰቡ የሽቶ ቤት ከ1709 ጀምሮ እስከ ዛሬ በከተማው አዳራሽ አጠገብ አለ። ጀርመኖች ራሳቸው ከተማዋን ከልን ይሏታል።

የከተማዋም ስም ታሪክ አለው፤ ለእኛ ለሴቶች ደግሞ ደስ የሚል ነው። ቦታው በሮማውያን ዘመን የጦር ሰፈር ነበር። እዚያ የተወለደችው አግሪፒና የንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ሚስት ስትሆን የትውልድ ቦታዋን በ50 ዓ.ም. ወደ ሙሉ የሮማ ከተማነት እንዲያሳድግ አደረገች። ከተማዋም በእሷ ስም ተጠራች። ከረጅሙ ስም “ኮሎኒያ” የሚለው ቀረና ኮሎኝ ሆነ። ከካቴድራሉ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ከሮማውያኑ የከተማ በር የተረፈ አንድ ቅስት ዛሬም ቆሟል። ሰው ሁሉ ካቴድራሉን ሽቅብ እያየ በአጠገቡ ያልፋል።

ኮሎኝ ለመድረስ ካርታ አያስፈልግም። ከባቡር ጣቢያው በር ወጥተን ቀና ስንል ካቴድራሉ ከፊታችን ነው። ጥቁር፣ ሹል፣ እንደ ተራራ የከበደ ነው፤ ሁለቱ ግንቦች 157 ሜትር ከፍታ አላቸው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ እናታችን አማተቡ፤ ሙስሊሟ እህታችን፣ “ማሻ አላህ፤ ይህን ማን ሠራው?” አለች። ደጋፊያችን በቀላል ጀርመንኛ አስረዳችን፤ እኛም በአማርኛ እየመለስን ለሁሉም አዳረስን።

የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1248 ነው። ያሠሩትም የሰብአ ሰገልን አጽም በክብር ለማኖር ነው፤ አጽሙ በ1164 ከሚላኖ እንደመጣ ይታመናል። እኛ በገና ሰሞን ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መጡ እያልን የምናነሣቸው ሰብአ ሰገል ናቸው። ከዋናው መንበር ጀርባ አጽማቸው ያረፈበት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚመስል በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን አለ። የተሠራው ከ800 ዓመት በፊት ገደማ ነው። እናታችን እዚያ ቆመው ቆዩ። እኛም አላቻኮልናቸውም፤ ከኮብሌንዝ ትምህርት ወስደናል።

የካቴድራሉ ሥራ ግን እንደታሰበው አልሄደም። የምሥራቁ ክፍል በ1322 ተባረከ፤ ከዚያ ሥራው እየተንቀራፈፈ በ1560 ገደማ ቆመ። ገንዘቡም ፍላጎቱም ጠፋ። የደቡቡ ግንብ ጅምር ጉቶ ሆኖ ቀረ። በጉቶው ጫፍ ላይ ድንጋይ ማንሻው ትልቅ የእንጨት ክሬን ነበር። እሱም ከዚያ አልወረደም። ከ300 ዓመት በላይ የኮሎኝ ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው ያንን የቆመ ክሬን ነበር። በአሮጌ የከተማዋ ሥዕሎች ላይ ሁሉ አለ፤ ደጋፊያችንም ከፖስት ካርድ መሸጫው አንዱን ገዝታ አሳየችን።

እዚህ ላይ አንዲት እህታችን፣ “ካልሠሩበት ለምን አላወረዱትም?” ብላ ጠየቀች። ማንም ወዲያው አልመለሰላትም። ደጋፊያችን ቆይታ፣ “ቢያወርዱት ኖሮ ‘አይጨረስም’ ብለው ማመናቸው ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ” አለች። ይህችን እህት በኋላ እንመለስባታለን።

ሥራው እንዴት እንደገና ተጀመረ? ሁለት ነገር ረዳው። አንደኛው ሰነድ ነው። በመካከለኛው ዘመን የተሠራው የፊት ለፊቱ ንድፍ 4 ሜትር ያህል የሚረዝም የብራና ሥዕል ነበር። ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ግማሹ በ1814 እዚሁ እኛ አጠገብ ዳርምሽታት ተገኘ፤ ሌላው ግማሽ በ1816 ፓሪስ ተገኘ። ሁለቱ ሲጋጠሙ የጥንቶቹ ሰዎች ምን አስበው እንደነበር ታወቀ። ሒሳብ ለምንይዝ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። የጀመረው ትውልድ አልቋል፤ ወረቀቱ ግን ስላልጠፋ ሥራው ካቆመበት መቀጠል ቻለ።

ሁለተኛው ማኅበር ነው። በ1842 የከተማው ሰዎች የካቴድራሉን ግንባታ ለመፈጸም ማኅበር አቋቋሙ። ንጉሥም ነጋዴም አባል ሆኑ፤ መዋጮ ተጀመረ፤ ካቶሊክ ያልሆኑትም ሰጡ። በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ በኋላም ሎተሪ ተፈቀደ። የፕሩሲያ መንግሥት የራሱን ድርሻ ከፈለ፤ ትልቁን ድርሻ ግን ማኅበሩ ሰበሰበ። ያ አሮጌ ክሬን በ1868 ወረደ፤ በ1880 ካቴድራሉ ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ያህል በዓለም ላይ ከእሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ዛሬም መዋጮ ይሰበስባል። ድንጋይ በዝናብና በጭስ ስለሚበላ ጥገናው አያቋርጥምና። የከተማው ሰው፣ ካቴድራሉ ያለቀ ዕለት ዓለምም ታልቃለች እያለ ይቀልዳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 14 ከባድ ቦምቦች መቱት፤ ግን አልወደቀም። በዙሪያው የነበረው መሀል ከተማ አብዛኛው ፈረሰ። ከጎኑ ያለውን የሆሄንዞለርን የባቡር ድልድይ የጀርመን ጦር ራሱ ሲያፈገፍግ በመጋቢት 1945 አፈረሰው። ዛሬ ድልድዩ ታድሶ ባቡር እንደ ጉንዳን ይመላለስበታል። በእግረኛው መንገድ አጥር ላይ ፍቅረኞች የቆለፏቸው ቁልፎች ተደራርበው አጥሩ ራሱ አይታይም። እኛም በእግር ተሻገርንና ከማዶ ሆነን ከተማዋን አየናት። ከዚያ የተነሣነው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ሰባታችን የደቡቡን ግንብ ወጣን። 533 ደረጃ ነው፤ ጠመዝማዛና ጠባብ። የሚወጣና የሚወርድ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋል። ቀን ስምንት ሰዓት ቆማ ሕንፃ የምታጸዳ እህታችን ሁላችንንም ቀድማ ወጣች፤ ከላይ ሆና፣ “ይህ ለእኔ የዘወትር ሥራዬ ነው፤ ዛሬ ግን መጥረጊያ አልያዝኩም” አለችን። የቀሩት ሰባት ታች ከእናታችን ጋር ቡና ጠጡ።

ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ከተማ ስንዞር ደጋፊያችን አንድ ነገር ነገረችን። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር በአብዛኛው የወንዶች ነበር። ኮሎኝ ግን የሴቶች የሙያ ማኅበራት ነበሯት። ክር የሚሠሩት ሴቶች ደንባቸው በ1397 ጸደቀ፤ ሐር የሚሠሩት በ1437። ሴቶቹ ራሳቸው ባለሙያ ተብለው ይመዘገባሉ፤ ተማሪ ይቀጥራሉ፤ ያስተምራሉ፤ የሥራውን ጥራት ይቆጣጠራሉ። የሐሩ ንግድ ብዙውን ጊዜ በባሎቻቸው እጅ ነበር፤ ሙያው ግን የእነሱ ነበር። እኛ ይህን ስንሰማ አገር ቤት ጥጥ ፈትለው ልጅ ያሳደጉ እናቶቻችን ትዝ አሉን። እነሱም ሙያ ነበራቸው፤ ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ ግን አላየንም። የኮሎኞቹን ሴቶች ከ600 ዓመት ገደማ በኋላ ልናውቃቸው የቻልነው ደንባቸው ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው።

ወደ ማታ ተመለስን። አሁን ወደዚያች እህት እንመለስ። ይህን የምንናገረው በራሷ ፈቃድ ነው፤ ስሟን አንጠራም።

ይህች እህት ከሁለት ዓመት በፊት አገር ቤት እናቷ ሲታመሙ ከቁጠባችን 900 ዩሮ ተበደረች። 400ውን መለሰች። ከዚያ የሥራ ሰዓቷ ተቀነሰና መክፈል አቃታት። እኛም ደብዳቤ ጻፍንላት፤ እንደገና ጻፍንላት። ደብዳቤዎቹ ትክክል ነበሩ፤ ቁጥሩም ትክክል ነበር። ነገር ግን ማንም ቤቷ ሄዶ “እንዴት ነሽ?” አላላትም። አፍራ ከማኅበሩ ቀረች። አንዳንዶቻችንም፣ “ይኸው ብድር የወሰደ ሁሉ ይጠፋል፤ ቁጠባው ይከፋፈልና ማኅበሩ የቡና ማኅበር ብቻ ይሁን” ማለት ጀመርን። ወደ ጉዞው የመጣችው እናታችን በራሳቸው ደውለው፣ “እኔን የሚደግፍ ሰው እፈልጋለሁ” ስላሏት ነው። ኮብሌንዝ ላይ ባቡሩ ሲያመልጠን የእናታችንን ክንድ ይዛ የነበረችው እሷ ናት።

ባቡሩ ቦንን እንዳለፈ መጥታ ከአጠገባችን ተቀመጠች።

“የእኔ ወረቀት አለ?” አለች።

“አለ” አልናት።

“ስንት ይቀረኛል?”

“500 ዩሮ።”

ዝም አለች። ቆይታ፣ “በወር 10 ዩሮ ብከፍል ትስቁብኛላችሁ?” አለች።

ስልካችን ላይ አሰላነው። 50 ወር ይሆናል፤ አራት ዓመት ከሁለት ወር። ቁጥሩን ስናሳያት አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ጠዋት የሰማነው ሒሳብ ትዝ አለን። ከ1248 እስከ 1880 ያለው 632 ዓመት ነው። “የኮሎኝ ሰዎች 632 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ አንቺ ፈጣኑ ባቡር ነሽ” አልናት። ሳቀች፤ ስትስቅ ካየናት ዓመት አልፎን ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ወር ከፍላለች፤ 40 ዩሮ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ አለ። ዛሬም እዚህ ከእኛ ጋር ናት።

እህቶቻችን፣ ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ አለን። በቁጠባ ሣጥኑ ውስጥ ያለው 3,400 ዩሮ ለ34 አባላት ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ቢከፋፈል ለእያንዳንዳችን 100 ዩሮ ይደርሰናል። 100 ዩሮ ጥሩ ነው፤ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት ስልክ ተደውሎ “እናትሽ ታመዋል” የምትባል እህት 100 ዩሮ የትም አያደርሳትም። 900 ዩሮ ግን ሐኪም ቤት ያስገባቸዋል። ያንን 900 ዩሮ ባንክ ለእኛ አያበድርም፤ እርስ በርሳችን ብቻ ነው።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቁጠባው እንዳለ ይቀጥል። ሁለተኛ፣ መክፈል ያቃታት እህት በወር ከ10 ዩሮ ጀምሮ እንድትከፍል በደንባችን ይጻፍ፤ ከደብዳቤ በፊትም ሁለት ሰዎች ቤቷ ሄደው ይጠይቋት። ይህ የእኛም ጥፋት ነበርና እኛው እንጀምረዋለን። ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን አብረን በባቡር እንውጣ፤ ወጪው ከቡና ሣጥኑ ብቻ ይሁን።

ደጋፊዎቻችን፣ እናንተ የምትሰጡን ገንዘብ ለትምህርት ነው፤ ለትምህርት ብቻ እንደሚውልም በየሦስት ወሩ ሪፖርት እናደርጋለን። ከገንዘቡ ሌላ ግን አንዳችሁ አንድ ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁን ነበር። ያ በሒሳብ መዝገባችን ላይ የሚገባበት ዓምድ ስላጣን እዚህ በቃል እናመሰግናችኋለን።

የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ወዴት እንደሚሆን በጉባኤው ይወሰናል። መቀየሪያው ጣቢያ ላይ ግን ከ20 ደቂቃ በታች አንይዝም።